አንድ ኮከብ ያለው ብራውኒንግ፦ ቾኩን ማስከፈት ወይስ ጥይቱን መቀየር?

ጠመንጃው በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚበትነው ብራውኒንግ ኦቶ-5 ነው። ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሲሆን በ1950ዎቹ ቤልጅየም ኸርስታል ባለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ተሠርቷል፤ አፈሙዙ ላይ አንዲት ኮከብ ተመትታበታለች። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ቾክ የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው፤ በብራውኒንግ ምልክት አንድ ኮከብ ፉል ቾክ፣ በጣም ጠባቡ ማለት ነው። ሁለት ኮከብ ሞዲፋይድ፣ መካከለኛው ነው፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ ምንም ጥበት የሌለው ሲሊንደር።

ባለቤቱ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ የሚኖር ወዳጄ ነው። ጠመንጃውን የሰጡት የሚስቱ አባት ናቸው፤ ትከሻቸው የጠመንጃውን ርግጫ አልችል ሲል ሰጡት። የሰሜን ሚኒሶታ ሰው ናቸው፣ ለረጅም ዘመንም ዳክዬ ያደኑበት ነበር። ወዳጄ ግን ዳክዬ ላይ ብዙም አይደለም። እሱ የሚወደው መኸር ላይ ውሻውን ይዞ የአስፐን ጫካ ውስጥ ግራውስና ውድኮክ መፈለግ ነው። ግራውስ የኛን ቆቅ ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም፤ ከእግር ስር ድንገት ቡር ብሎ ተነሥቶ ዛፍ ከልሎት ይጠፋል። ውድኮክ ደግሞ ረጅም መንቁር ያላት፣ እርጥብ መሬት ላይ ትል የምትለቅም ትንሽ ወፍ ናት። ሁለቱም የሚመቱት በቅርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ባለው ርቀት፣ ያውም ቁጥቋጦ መሀል።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ወዳጄ ወይ ይስታል፣ ወይ ደግሞ ሲያገኛት ወፏ ለድስት የሚሆን ሥጋ አይተርፋትም። አንድ ቀን ያነሣናት ውድኮክ ጡቷ ሙሉ በሙሉ ተበጣጥሶ ነበር፤ ክንፍና እግር ብቻ ነው የቀረው። ለበላተኛ አዳኝ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አማቹን ሲያማክር፣ «መሣሪያ ነው፤ ለሥራህ እንዲመች አድርገው» አሉት። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚሠራ የጠመንጃ ባለሙያ ደወለ፣ ቀጠሮ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ የነገረኝ። «ጋሼ፣ ባለሙያው ቾኩን ሞርዶ ለማስፋት ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም ብሎኛል። ላስከፍተው?»

መጀመሪያ ወረቀት ላይ እንተኩስ አልኩት።

ቾክ ማለት አፈሙዙ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳንቲሜትሮች፣ እየጠበበ መምጣቱ ነው። ጥበቱ በዓይን የሚታይ አይደለም። ባለ 12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ፉል ቾክ ከዚህ ላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ሞዲፋይድ ግማሽ ሚሊሜትር፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ደግሞ ሩብ ሚሊሜትር። ይህች ትንሽ ልዩነት የእርሳሱ ፍሬ ከጠመንጃው ከወጣ በኋላ የሚበተንበትን ስፋት ትወስናለች። በተለመደው መለኪያ በ20 ያርድ ላይ (18 ሜትር ገደማ ነው) ፉል ቾክ 40 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ላይ ይበትናል፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 66 ሳንቲሜትር፣ ሲሊንደር 80 ሳንቲሜትር። ስፋቱ በእጥፍ ሲለይ የሚሸፈነው ቦታ በአራት እጥፍ ይለያል። ጫካ ውስጥ በግማሽ ሰከንድ ለሚተኩስ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሮጌ ጠመንጃ ላይ የሚጨመር ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው እዚህ ላይ ልቆይ። ይህ አፈሙዝ ሲሠራ ጥይቱ ውስጥ በባሩዱና በፍሬው መካከል የሚገባው የካርቶንና የፌልት ድፍን ነበር። ፍሬው ራቁቱን የአፈሙዙን ግድግዳ እየታከከ ያልፍና ዳር ዳሩ ያለው ይላጣል፣ ይጠፈጠፋል። የተጠፈጠፈ ፍሬ አየር ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ጎን ይወጣል። ፋብሪካው በ40 ያርድ ላይ 70 በመቶው ፍሬ 30 ኢንች (76 ሳንቲሜትር) ክብ ውስጥ እንዲገባ ሲፈልግ፣ ይህን ብክነት አስልቶ ነው አፈሙዙን ያጠበበው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ግን ፍሬውን የሚያቅፍ የፕላስቲክ ኩባያ መጣ። ፍሬው ከግድግዳው ጋር አይነካካም፣ ክብነቱን ይዞ ይወጣል፣ ተሰብስቦም ይሄዳል። ስለዚህ በ1955 ፉል የነበረ አፈሙዝ በዛሬ ጥይት ፍሬውን ከፉልም በላይ ይሰበስባል። አማቹ በወጣትነታቸው የተኮሱበትና ወዳጄ ዛሬ የሚተኩስበት ጠመንጃ ብረቱ አንድ ቢሆንም የፍሬው አበታተን አንድ አይደለም።

ባለሙያው ጋ የሄድነው ለማስከፈት ሳይሆን ለማስለካት ነው። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ። የውስጥ መለኪያውን አስገብቶ አየና ውስጡ 18.4፣ ጫፉ 17.5 ሚሊሜትር ነው አለ። አፈሙዙ ላይ ከቤልጅየም የፍተሻ ምልክቶች ጎን የተመቱት ቁጥሮችም እነዚሁ ናቸው፤ እንግዲህ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ይህን ማረጋገጥ ግድ ነው። የብዙ አሮጌ ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፉ ተቆርጦ ወይም ከዚህ በፊት ተከፍቶ ይገኛል፤ ኮከቧ ግን እዚያው ስለምትቀር ምልክቱን አምኖ የሚያስከፍት ሰው ይሳሳታል። የጥይት ቤቱንም ርዝመት ለካልን፤ 70 ሚሊሜትር ስለሆነ የዛሬውን መደበኛ ጥይት ይቀበላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ባለ 16 ጌጅ ኦቶ-5ዎች ብዙዎቹ 65 ሚሊሜትር ናቸውና እነሱን የያዘ ሰው ሳያስለካ ጥይት እንዳይገዛ።

ከዚያ ወደ መተኮሻ ሜዳ ሄድን። ሰፊ የማሸጊያ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፈን በ20 ያርድ አቆምን። በ40 ያርድ ቢሆን ደንቡ ነው፤ ግን ወዳጄ በ40 ያርድ የሚመታው ግራውስ የለውም። ሰው የሚተኩስበትን ርቀት ነው ማየት ያለበት።

የተለመደው የመደብር ጥይት፣ 28 ግራም፣ መጠኑ 8 ቁጥር የሆነ ፍሬ ያለው፣ ወረቀቱ ላይ ያደረገው ነገር ለወዳጄ ሁሉንም ገለጠለት። በዚህ ጥይት ውስጥ 410 ያህል ፍሬ አለ። አብዛኛው ከመለስተኛ ትሪ በማይሰፋ ቦታ ላይ ተጨናንቆ፣ መሀሉ ላይ ወረቀቱ ተቦጭቆ ነበር። እዚያ መሀል ላይ የገባች ውድኮክ ለምን እንደዚያ እንደምትሆን መናገር አያስፈልግም። ከዚያች ክብ አንድ ስንዝር የራቀች ደግሞ ላባዋም አይነካም።

ቀጥሎ ኩባያ የሌለው፣ በፌልት ድፍን የተሞላ ጥይት ሞከርን። ርካሹ መፍትሔ ይህ ስለሆነ ከሁሉ በፊት መሞከር አለበት እላለሁ። ሰፋ አለ፤ ወረቀቱ መቦጨቁን አቆመ፣ ዳር ዳር ፍሬ ታየ። ግን ለጫካ የሚበቃ አልነበረም፤ እንደ አንድ ደረጃ ብንቆጥረው ነው።

ሦስተኛው ስፕሬደር ነው፤ በታኝ ጥይት ልንለው እንችላለን። አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው። የድሮው ፍሬውን በመስቀለኛ ካርቶን አራት ቦታ ይከፍለዋል። አንዳንዱ መሀሉ ላይ የፕላስቲክ ዘንግ ያቆማል። ፖሊዋድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚታወቅበት ደግሞ ፍሬው አናት ላይ የምትቀመጥ፣ እግሯ ፍሬው መሀል የተተከለ ጠፍጣፋ ክዳን ናት፤ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ አየሩ ክዳኗን ወደኋላ ይገፋታል፣ እሷም ፍሬውን ወደ ዳር ትበትነዋለች። ፈረንሳይና ጣሊያን ውስጥ ውድኮክ አዳኞች ዲስፐርሳንቴ የሚሉትን ጥይት ከድሮ ጀምሮ ይጠቀማሉ፤ እዚያ የመደርደሪያ ዕቃ ነው። ሐሳቡ በሁሉም አንድ ነው፦ አፈሙዙ የሰበሰበውን ጥይቱ ራሱ ደጅ ላይ ይበትነዋል።

የመጀመሪያው በታኝ ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ባዶውን ቀለህ አላወጣም፣ መሀል ላይ ነከሰው። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ወዳጄ ጥይቱን ሊያማርር ነበር፤ ጥፋቱ ግን የጥይቱ አይደለም። ጆን ብራውኒንግ በ1900 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዚህ ጠመንጃ አሠራር አፈሙዙ ራሱ ወደኋላ ተንሸራትቶ የሚመለስበት ነው። የፊቱን እንጨት ስትፈቱት ከስሩ ወፍራም ሞላ፣ የብረት ቀለበትና የአፈሙዙን ሩጫ የሚገታ የነሐስ ፍሬን ታገኛላችሁ። ቀለበቱ በሞላውና በነሐሱ መካከል ሲገባ ፍሬኑ ይጠነክራል፤ ይህ ለከባድ ጥይት ነው። ለቀላል ጥይት ቀለበቱ ወደኋላ፣ ከሞላው ጀርባ ይሄዳል። አማቹ ለዳክዬ ጥይት አስተካክለውት ነበርና 28 ግራሙ አፈሙዙን እስከ መጨረሻው መግፋት አቃተው። ቀለበቱን አዛወርን፣ የበዛውን ዘይት ጠረግን፣ ጠመንጃው ያለ ችግር መሥራት ጀመረ። ተቃራኒው የበለጠ ያሳስበኛል፦ ለቀላል ጥይት ተስተካክሎ ከባድ ጥይት የሚተኮስበት ኦቶ-5 የፊት እንጨቱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ኦቶ-5 ላይ ጥይት መቀየር ማለት ቀለበቱንም ማየት ማለት ነው።

በታኙ ጥይት ወረቀቱ ላይ ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ከፈተ። ከፉል አውርዶ በሞዲፋይድና በኢምፕሩቭድ ሲሊንደር መካከል ያደረሰው ይመስላል፤ ከበታኝ ጥይት በአብዛኛው የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ነገር ግን ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። አንዱ ላይ ፍሬው እኩል ተሰራጭቶ ሲያምር፣ ሌላው ላይ በአንድ በኩል ወፍ የምታልፍበት ባዶ ቦታ ታየ። ይህ የበታኝ ጥይት ትክክለኛው ድክመት ነው። በብረት የተሠራ ቾክ የሚሰጠውን ወጥነት አይሰጥም፤ ስለዚህ አንድ ወረቀት አይቶ መወሰን አይገባም። ወደ 30 ያርድ ሲርቅም ይሳሳል፤ ያንንም በወረቀት አይተናል።

ውሳኔው እዚህ ላይ ቀላል አልነበረም። ማስከፈትን የሚደግፍ ከባድ ምክንያት አለ፦ ይህ ፉል ቾክ የተሠራለት ሥራ አብቅቷል። በአሜሪካ ከ1991 ጀምሮ የውሃ ወፍ በእርሳስ ማደን በመላ አገሪቱ ክልክል ነው፤ ብራውኒንግ ደግሞ ቤልጅየም በተሠሩት የኦቶ-5 አፈሙዞች የስቲል ጥይት እንዳይተኮስ ይላል። ስቲል እንደ እርሳስ አይለዝብም፤ ጠባብ ቾክ ላይ ሲደርስ አፈሙዙን ሊያሳብጥ ይችላል። እንግዲህ ይህ የዳክዬ ጠመንጃ እንደ ቢስመዝ ያለ ለስላሳና መርዛማ ያልሆነ ውድ ጥይት ካልጎረሰ በቀር ዳክዬ ሊያድን አይችልም። ለማይሠራበት ነገር ጥበቱን ማቆየት ምን ይጠቅማል? ወዳጄ ይህን ሲጠይቀኝ ትክክል ነበር።

መልሱ የመጣው ከኖቬምበር አደኑ ነው። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ወዳጄ ከአማቹ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ፌዛንት የሚባለውን ትልቅ የሜዳ ወፍ ለማደን ይወርዳል። ሣሩ ረጃጅም፣ ወንዱ ፌዛንት ጠንካራና ላባው ወፍራም፣ ወቅቱ እየገፋ ሲሄድም ከሩቅ የሚነሣ ነው። 35 ያርድ እዚያ የተለመደ ርቀት ነው። በግል መሬት ላይ እርሳስ ይፈቀዳል፤ የፌዴራል የውሃ ወፍ መራቢያ መሬቶች ላይ ግን መርዛማ ያልሆነ ፍሬ ግዴታ ነውና እዚያ ሲገባ ቢስመዝ ይይዛል። ለዚህ አደን ይህ ጠባብ አፈሙዝ ግሩም ነው። ባለሙያው ወደ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ቢከፍተው ግራውሱ ይመቸዋል፣ ፌዛንቱ ግን ይጎዳል፤ እየቆሰለ የሚያመልጥ ወፍ ይበዛል። ብረት ከተነሣ በኋላ መመለስ ደግሞ እንደ ማንሣት አይቀልም። ከጫፉ ወደኋላ ያለውን የአፈሙዙን ውስጥ አስፍቶ ጥበት መልሶ መፍጠር የሚችሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ለዚያ ግን የግድግዳው ውፍረት ሊበቃ ይገባል፣ ይህ ቀላል አፈሙዝ ደግሞ ብዙ ትርፍ ውፍረት የለውም። በዚሁ ምክንያት ተፈቺ (እየተፈታ የሚቀያየር) ቾክ ማስገጠሙንም ተውነው።

ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን አንድ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ መሆኑ ነው። ድርብ አፈሙዝ የያዘ ሰው አንዱን ሰፊ፣ አንዱን ጠባብ አድርጎ ይኖራል። ኦቶ-5 አንድ ቾክ ብቻ ነው ያለው። ተሞርዶ ከሰፋ ለመጀመሪያውም ለሦስተኛውም ተኩስ ሰፊ ነው። በታኝ ጥይት ግን ለያንዳንዱ ተኩስ የተለየ ቾክ ይሰጣል። ወዳጄ ጫካ ሲገባ ጥይት ቤቱ ውስጥ በታኝ ያስገባል፣ ማስቀመጫው ቱቦ ውስጥ ደግሞ ሁለት መደበኛ ጥይት። (ውድኮክ ተጓዥ ወፍ ስለሆነች ከሦስት ጥይት በላይ የሚይዝ ጠመንጃ አይፈቀድም፤ ቱቦው ውስጥ ያለችው የእንጨት መወተፊያ ለዚህ ናት።) ወፏ ስትነሣ ቅርብ ናት፣ የመጀመሪያው ሰፊ ነው። ከሳታት እስኪደግም ድረስ ርቃለች፣ የሚቀጥለው ጠባብ ነው። ይህን ማንም ሞረድ አይሰጥም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ግን ከበታኙ ጋር የተቀራረበ ጉልበት ያለው መሆን አለበት፤ ፍሬኑ የሚስተካከለው ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። እኛም 28 ግራም በ28 ግራም አደረግነው።

ወዳጄ የማስከፈቻውን ቀጠሮ ሰረዘ። ባለሙያው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጃፓን በሚሮኩ ፋብሪካ የተሠራ፣ ተፈቺ ቾክ ያለው የኦቶ-5 አፈሙዝ ካገኘ እንዲያመጣለት ነገረው። የጃፓኖቹ በቤልጅየሙ አካል ላይ ይገባሉ፤ አንዳንዴ የፊቱ እንጨት ላይ ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋሉ። ገንዘብ ላለው ሰው ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ስቲልም መተኮስ ይቻላል፣ አሮጌው አፈሙዝም ሳይነካ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ያ መኸር ሲያልፍ የታየው ለውጥ ድስቱ ላይ ነው። ግራውሱ ጡቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ቆዳው ስር ጥቂት ፍሬ ይገኛል፣ በጣት ተለቅሞ ይወጣል። ወዳጄ በቅቤና በሮዝመሪ ሠርቶት በእንጀራ በልተነዋል። አሁንም ይስታል፣ የማይስት አዳኝ አላውቅም፤ ግን የሚስተው በእጁ ነው እንጂ በጠመንጃው ጥበት አይደለም። የሚያስቸግረው የበታኝ ጥይቱ ዋጋና አቅርቦት ነው። በየመደብሩ አይገኝም፣ ከመደበኛውም በጣም ይወደዳል፤ ስለዚህ በጋ ላይ አዝዞ ያስቀምጣል፣ ልምምዱን ደግሞ በርካሹ ያደርጋል።

ሁልጊዜ አታስከፍቱ ማለቴ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ጠመንጃ እዚያው ቤት አለ። የሚስቱ ወንድም አንድ አሮጌ ዊንቸስተር ሞዴል 12 አለው፤ ሰደፉ ተቀይሯል፣ ብረቱ እንደገና ቀለም ገብቶበታል፣ ለሰብሳቢ የሚሆን ምንም የቀረው ነገር የለም። ቾኩ ፉል ነው። ሰውየው ከግራውስ ሌላ አያድንም፣ ለፌዛንት ሌላ ጠመንጃ አለው። ለሱ በየዓመቱ በታኝ ጥይት መግዛት ከንቱ ወጪ ነውና አስከፍተው አልኩት። ባለሙያው የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረት ለካ፣ ጥበቱ ከመሀል ያልተዛነፈ መሆኑን አየ፤ የተዛነፈ ቾክ ሲከፈት ጠመንጃው የሚመታበትን ቦታ ያዛውራልና። ከዚያም ባንድ ጊዜ አልጨረሰውም። መጀመሪያ ወደ ሞዲፋይድ አውርዶ ሰጠውና በሚያድንበት ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሶ እንዲመጣ ላከው። ሰውየው ወረቀቶቹን ጠቅልሎ አመጣ፣ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆጠራቸውና ቀሪውን በጥቂቱ ሞረደው።